ሐዋሳ ላይ የሕንፃ ግድግዳ ውሃ ያሞቃል?

መጋቢት 30 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሐዋሳ ውስጥ ሜዳ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ብትተክሉ ጥላ አታገኙለትም። ፀሐይ ልክ አናት ላይ ናት። ነሐሴ 29 አካባቢም እንዲሁ ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባሉት አምስት ወራት የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በቀሩት ሰባት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ። ግድግዳዬ ላይ የሶላር ውሃ ማሞቂያ ልስቀል ለሚል ሰው የመልሱ ግማሽ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ጥያቄውን ያመጡልኝ ፔንሲዮን የሚያሠሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፎቶ አሳዩኝ። ሕንፃው የአውሮፓ ነው፤ የፊቱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በጠቆረ መስታወት ተሸፍኗል፤ ያ መስታወት ለነዋሪው ውሃ ያሞቃል። "ኢንጂነር፣ ጣራውን ለካፌ ልተወውና እንደዚህ ግድግዳው ውሃ ያሙቅልኝ" አሉኝ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሐዋሳ ላይ ጣራ ማለት ሐይቅ ማየት ነው፤ ሐይቅ ማየት ደግሞ ገንዘብ ነው። እኔ ግን ቸኩዬ "ጋሼ፣ እዚህ አገር አይሠራም" አልኳቸው። ቤቴ ገብቼ ሳሰላው መልሴ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ሆኖ አገኘሁት።

ዕቃው ምንድን ነው

ሶላር ሲባል ብዙ ሰው ዓይነ ሕሊናው ላይ የሚመጣው መብራት የሚሰጠው ሰማያዊ ፓነል ነው። እዚህ የማወራው ስለ ሌላው፣ ስለ ሙቀት ሰብሳቢው ነው። ጥቁር የተቀባ ስስ ብረት አለ፤ ብረቱ ላይ ውሃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ተበይደዋል፤ ፊቱ በመስታወት፣ ጀርባው ሙቀት በማያስተላልፍ ጥጥ መሰል ነገር ተሸፍኗል። ፀሐይ በመስታወቱ አልፋ ጥቁሩን ታሞቀዋለች፤ ጥቁሩ ውሃውን ያሞቃል። በቃ ይኸው ነው። ጥሩ ጥሩዎቹ ብረቱ ላይ ልዩ ቅብ አላቸው፤ ካረፈባቸው ብርሃን 95 በመቶ ያህሉን ይውጣሉ፤ መልሰው በጨረር የሚለቁት ሙቀት ግን ተራ ጥቁር ቀለም ከሚለቀው እጅግ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የመስታወት ቱቦው ነው። ፔርሙዝ ሰብራችሁ የምታውቁ ሰዎች ሆዱን አይታችሁታል፤ ድርብ መስታወት ነው፣ በመካከሉ አየር የለም። የሶላሩ ቱቦም ያው ነው፤ ረዘም ቀጠን ብሎ፣ ውስጡ ጠቁሮ። እኛ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው፣ ጣራ ላይ ከነታንከሩ ተጋድሞ የምናየው፣ ከቻይና የሚመጣው ይህ ነው።

ግድግዳ ላይ "ማዋሐድ" ሲባል ደግሞ ማንጠልጠል ብቻ አይደለም። የተንጠለጠለ ሰብሳቢ የግድግዳ ዕቃ ነው። የተዋሐደ ሰብሳቢ ራሱ የግድግዳው ልባስ ነው፤ እብነ በረድ ወይም አሉሚኒየም ሊለበስበት የነበረውን ቦታ ይይዛል፤ ዝናብ ይከላከላል፤ ከመስኮቱና ከበረንዳው ጋር በልክ ተቆርጦ ይገጥማል። ስለዚህ ሒሳቡ ሲሠራ ሳይገዛ የቀረው ልባስ ዋጋ ይቀነስለታል። አርክቴክቶች የሚወዱትም በዚህ ነው፤ የሚፈሩት ደግሞ ጥቁረቱን ነው። ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ ያለው የቴክኖሎጂ ተቋም ለዚህ ብሎ በቀለም የሚያንጸባርቅ መስታወት ሠርቷል፤ ከውጭ ሲያዩት ሰማያዊ ወይም ቀላ ያለ ይመስላል፣ አብዛኛው ብርሃን ግን አልፎ ጥቁሩ ላይ ያርፋል። ለሐዋሳ ይህ ቅንጦት ነው፤ እንለፈው።

ፎቶው ለምን እዚያ ይሠራል

ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ እኛ ጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 60 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ሳለ፣ ቪየና ላይ 18 ዲግሪ ብቻ ናት። ስቶክሆልም ላይ ደግሞ 7 ዲግሪ፤ ከቤት ጣሪያ በላይ እንኳ በቅጡ አትወጣም። እንዲህ ዝቅ ያለች ፀሐይ ጠፍጣፋ ጣራን በአግድም ልሳው ታልፋለች። ደቡብ የሚያየውን ግድግዳ ግን ፊት ለፊት ትመታዋለች። በዚያ ላይ ሰዎቹ ሙቀት አብዝተው የሚፈልጉት በዚያው ሰሞን ነው። በጋቸው ሲመጣ ፀሐይዋ ከፍ ትልና ግድግዳውን በጎን ትነካዋለች፤ ሰብሳቢው ከልክ በላይ ከመንደድ ይተርፋል። ጣራቸው ላይ በረዶ ይከመራል፤ ግድግዳ ላይ አይከመርም። በሁሉም በኩል ብታዩት ለእነሱ ግድግዳ ብልህ ምርጫ ነው።

ችግሩ ያ ምክር ከነኮምፓሱ ወደ እኛ ሲመጣ ነው። "ሰብሳቢ ወደ ደቡብ ይዙር" የሚለውን መመሪያ ዕቃው ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ አንብቦ ደቡብ ግድግዳውን በሰብሳቢ የሚሞላ ሰው፣ ሐዋሳ ላይ ግማሽ ዓመት ሥራ የሚፈታ ግድግዳ ይኖረዋል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ጠፍጣፋ ጣራ በአንድ ቀን የሚያገኘውን ፀሐይ 100 እንበለው። ደቡብ የሚያይ ቀጥ ያለ ግድግዳ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከዚያ 85 ያህሉን ያገኛል። ጥሩ ነው። መጋቢት 12 ወይም መስከረም 12 ላይ ግን ወደ 12 ይወርዳል። ሰኔ ላይ ቀጥተኛ ፀሐይ ጨርሶ አያየውም፤ ከሰማይ የሚበተነው ብርሃን ብቻ ነው የሚደርሰው። ሰሜን ግድግዳ በተራው ሰኔ ላይ ነቅቶ 50 ገደማ ይደርስና ታኅሣሥ ላይ ይተኛል። ምሥራቅና ምዕራብ ግድግዳዎች ግን ዓመቱን ሙሉ እያንዳንዳቸው 50 ገደማ ላይ ናቸው፤ አንዱ የጠዋቱን ግማሽ፣ ሌላው የማታውን ግማሽ ይዞ። እነዚህ ቁጥሮች አየሩ፣ ደመናውና አቧራው ሳይቆጠሩ ከጂኦሜትሪ ብቻ የወጡ ናቸው። ዝቅ ያለች ፀሐይ ወፍራም አየር ስለምታቋርጥ በተግባር የግድግዳዎቹ ሁሉ ድርሻ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ይላል። የእርስ በርስ ቅደም ተከተላቸው ግን አይቀየርም።

ደቡብ ግድግዳን ግን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም፤ እዚህ ላይ ነው ለጋሼ የሰጠሁት የችኮላ መልስ የተሳሳተው። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር እኛ ጋ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት፣ ሰማዩ የሚጠራበት ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ ሐዋሳ አልጋ ይጠፋል፤ ገናና ጥምቀት ይከተላሉ። እንግዳው ሁሉ ማለዳ ተነሥቶ ሙቅ ሻወር በሚፈልግበት በዚያ ሰሞን ደቡብ ግድግዳ ጣራን ይፎካከራል። በቅርብ ዓመታት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሲውል ያየነው ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ግን ከተማው እንደገና በእንግዳ ይሞላል፤ ግድግዳው ግን ተኝቷል። እንግዲህ ደቡብ ግድግዳ እንደ ወቅት ሠራተኛ ነው። ሌላ ቋሚ ካለ ይረዳል፤ ብቻውን ቤት አያስተዳድርም።

ምሥራቅ፣ ምዕራብና ሐይቁ

ቋሚዎቹ ምሥራቅና ምዕራብ ከሆኑ ከሁለቱ የቱ ይሻላል? የምዕራቡ ጥቅም ሁለት እጥፍ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ምዕራብ የሚያዩ ክፍሎች ምን እንደሚመስሉ ሐዋሳ የሠራ ሰው ያውቃል፤ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ማራገቢያ እየዞረ፣ አሁንም ይወብቃል። እዚያ ግድግዳ ላይ ሰብሳቢ ብናቆም ክፍሉን የሚያስጨንቀውን ፀሐይ ነጥቆ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ሰብሳቢው ጃንጥላም ነው ማለት ነው። ውሃው የሚሞቀው አመሻሽ ላይ ስለሆነም ከሥራ የገባ ሰው ሲታጠብ ገና ትኩስ ነው፤ ታንከር ውስጥ አድሮ የሚባክነው ያንሳል።

ነገር ግን ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ነው! ሆቴል የሚያሠራ ሰው ምዕራብ ግድግዳውን ለሰብሳቢ ስጥ ቢባል "መስኮቴን ድፈን" እንደተባለ ነው የሚሰማው። ልክም ነው። ስለዚህ የሚቀረው ሰብሳቢውን እይታ በማይጋርድበት ቦታ ማስገባት ነው፤ የበረንዳው መከለያ ላይ፣ ከመስኮት በታች ባለው ሙሉ ግድግዳ ላይ፣ ሊፍቱና ደረጃው በሚወጡበት ጭፍን ግድግዳ ላይ። ዙሪክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራ ሰኒ ዉድስ የሚባል መኖሪያ ሕንፃ የበረንዳ መከለያው ራሱ የመስታወት ቱቦ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ አግድም የተደረደረ የብረት ዘንግ ይመስላል። ቻይና ውስጥም ጣራቸው ለሁሉም ቤት በማይበቃ ረጃጅም አፓርታማዎች ላይ እያንዳንዱ ቤት በበረንዳው መከለያ ላይ የራሱን ሰብሳቢ ይሰቅላል፤ ታንከሩ በረንዳው ውስጥ ይቀመጣል።

ምሥራቅን የሚደግፍም ነገር አለ። በክረምት ደመናው ብዙ ጊዜ የሚጠራቀመው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋቱ ብራ ሆኖ ዝናቡ ወደ ማታ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጠዋቷን ፀሐይ የያዘ ግድግዳ ያተርፋል። እንግዲህ ታንከሩ ሙቀቱን እስከ ማግስቱ ማለዳ እንዲይዝ በደንብ መሸፈን አለበት፤ ርካሽ ታንከር እዚህ ላይ ነው የሚያዋርደው።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ጥላ ነው። የእኛ ፀሐይ ከላይ ስለምትመጣ ወጣ ያለ ነገር ሁሉ ከሥሩ ያለውን ግድግዳ ይጋርዳል። ታኅሣሥ 12 እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አብዝታ ባዘነበለችበት በዚያ ቀን እንኳ፣ 1 ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ደቡብ ግድግዳው ላይ 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ጥላ ይጥላል። በረንዳ ያለው ፎቅ ሁሉ ከሥሩ ያለውን ፎቅ እንዲሁ ያደርገዋል። በአውሮፓ ሥዕል ላይ ይህ ችግር አይታይም፤ የእነሱ ፀሐይ ከበረንዳው ሥር ጎንበስ ብላ ትገባለች። ስለዚህ ደቡብ ግድግዳ ላይ ሰብሳቢውን ከክፈፉ ሥር መደበቅ ሳይሆን ክፈፉን ራሱን ሰብሳቢ ማድረግ ይሻላል። ከመስኮት በላይ እንደ ባርኔጣ ወጣ ያለ፣ ከአግድም 15 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ሰብሳቢ ለጣራ የቀረበ ፀሐይ ያገኛል፤ መስኮቱንም ከሙቀት ይከልላል። በእኔ ግምት ሐዋሳ ላይ "ግድግዳ ላይ ሶላር" የሚለው ሐሳብ እውነተኛ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ቅርጽ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን እንደ ታዛ የወጣ።

ስንት ካሬ ያስፈልጋል

100 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 4.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 60 ዲግሪ የሆነ 60 ሊትር ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል 40 ዲግሪ የሆነ 120 ሊትር ይወጣዋል፤ ለአንድ ክፍል በቂ ነው ብለን እንነሣ። የጋሼ ፔንሲዮን 20 ክፍል ስላለው በቀን 1200 ሊትር፣ ማለትም 56 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል።

አገራችን ላይ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር አግድም መሬት ላይ የሚያርፈው ፀሐይ በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሰብሳቢው ግማሹን ወደ ውሃ ያስገባል ብንል ከአንድ ካሬ ጣራ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ እናገኛለን። 56ን ለ2.5 ስናካፍል 22 ካሬ ይመጣል። ባለ 2 ካሬ ሰብሳቢ 11። ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ግድግዳ ላይ ቢሆን ፀሐይዋ ግማሽ ስለሆነች 45 ካሬ ይሆናል፤ እንዲያውም ሰብሳቢ ደካማ ፀሐይ ላይ ሲሠራ ካገኘው ውስጥ የሚያባክነው ድርሻ ስለሚጨምር 50 ብሎ መያዝ ይሻላል።

ይህን ስሌት ይዤ ተመለስኩ። "ጋሼ፣ ጣራዎ 200 ካሬ ነው። ከዚያ ውስጥ 22ቱን ብቻ ነው የምፈልገው። ካፌውም ሰብሳቢውም አብረው ይኖራሉ" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና "ታዲያ ሮቶውስ?" አሉ። ሮቶው የደረጃው ቤት ላይ ወጥቷል፤ ሰብሳቢዎቹ የካፌው ታዛ እንዲሆኑ አሰብን።

እንግዲህ ዋናው ነገር የሕንፃው ቅርጽ ነው። ፎቅ በጨመረ ቁጥር ክፍል ይጨምራል፤ ጣራ ግን ያው አንድ ነው። ጂ+4 ላይ ጣራ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ጂ+12 ላይ፣ ሊፍቱ ማሽን ክፍሉን፣ ሮቶዎቹ ጥጋቸውን፣ ሬስቶራንቱ ቀሪውን ሲወስዱ ጣራው ያልቃል። ግድግዳው ወረፋ የሚደርሰው ያኔ ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች የሶላር ውሃ ማሞቂያ እንዲኖራቸው በሕግ ስታስገድድ ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች ነፃ ያደረገችው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ጣራቸው ለነዋሪው ሁሉ አይበቃማ።

ለግድግዳው ሚዛን የሚሆን ሌላም ነገር አለ፤ ንጽሕና። ቀጥ ያለ መስታወት ላይ አቧራ ብዙ አይቆይም። ጣራ ላይ ግን ጥርና የካቲት ላይ አቧራው በጣት የሚጻፍበት ይሆናል። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ጣራ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ጎረቤት አለው፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሞ ያደረበት ሰብሳቢ ላይ የሚተወውን ነገር ለመጥረግ ማንም ተሽቀዳድሞ አይወጣም።

ብሎኬት፣ ቧንቧና የውሃ ፈረቃ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ብዙ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ነውና።

የእኛ ሕንፃ ግድግዳ ሸክም አይሸከምም። ሸክሙን የያዙት ኮለን (ቋሚው ምሰሶ)፣ ቢም (አግዳሚው) እና ሶሌታ (የፎቁ ወለል) ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። አንድ ባለ 2 ካሬ ጠፍጣፋ ሰብሳቢ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብሎኬቱን በስተው፣ ፊሸር ከትተው በብሎን ቢያስሩት ለጊዜው ይይዛል፤ ግን ነፋስ ሲገፋው ሲስበው፣ ብረቱ ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቀዳዳው ይሰፋል። ያለነው ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ እንዳወዛወዘ እናስታውሳለን። ሰው በሚያልፍበት የእግረኛ መንገድ በላይ 40 ኪሎ መስታወትና ብረት ሲሰቀል የሚይዘው የብረት ቅንፍ ቢም ወይም ሶሌታ ላይ መታሰር አለበት፤ መስታወቱም ሲሰበር እንደ ስለት የማይቆራረጥ፣ በሙቀት የጠነከረው ዓይነት መሆን አለበት። ታንከሩ ደግሞ የባሰ ነው፤ 150 ሊትር ታንከር ውሃው ብቻ 150 ኪሎ ነው። እሱን ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ሶሌታ ላይ ይቁም።

ሰብሳቢውና ግድግዳው መካከል ምን ይሁን? ብርድ አገር ላይ አጣብቀው ይሠሩታል፤ የሰብሳቢው ጀርባ ግድግዳውንም ያሞቃል፣ ደስ ይላቸዋል። እኛ ሙቀቱን ክፍል ውስጥ አንፈልገውም። ስለዚህ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ክፍተት ተትቶ ከታችም ከላይም አየር ማስገቢያና ማስወጫ ይኑረው። የሞቀው አየር ራሱ ወደ ላይ እየወጣ ቀዝቃዛ ይስባል፤ ግድግዳው ጥላ ውስጥ እንደ ቆመ ሰው ይሆናል።

የውሃው ዝውውር ላይ ተፈጥሮ ያግዘናል። የሞቀ ውሃ ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ይወርዳል። ታንከሩ ከሰብሳቢው በላይ ከሆነ ያለ ፓምፕ፣ ያለ መብራት ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ግን የታንከሩ ታች ከሰብሳቢው ራስ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ካላለ ሌሊት ዝውውሩ ወደ ኋላ ይዞርና ቀን ያጠራቀማችሁትን ሙቀት ሰብሳቢው ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። የበረንዳ መከለያ ላይ ያለ ሰብሳቢ ለዚህ ይመቻል፤ መከለያው 1 ሜትር ገደማ ነው፣ ታንከሩ በረንዳው ጥግ ላይ በብረት መቆሚያ ከፍ ይላል። ታንከሩ ምድር ቤት ይሁን ካላችሁ ፓምፕ የግድ ነው። ያኔ መብራት በሄደ ቁጥር ፓምፑ ልክ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ይቆማል። መፍትሔው ለፓምፑ ብቻ የምትሆን ትንሽ የመብራት ሶላር ማድረግ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ፓምፑ ይፈጥናል፣ ስትደክም ይዘገያል። መቆጣጠሪያ እንኳ ብዙ አያስፈልገውም።

ውሃ የማይዞርበት ሰብሳቢ ምን እንደሚሆን ካላያችሁት አታምኑም። ጥሩ ጠፍጣፋ ሰብሳቢ ሙሉ ፀሐይ ላይ ሳይዞር ቢቆም 180 ዲግሪ አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ የመስታወት ቱቦው ከ200ም ይበልጣል። ግድግዳ ላይ ፀሐይዋ ስለምታንስ ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ግን ውሃ ከሚፈላበት በታች ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። እኛ አገር በየቤቱ የሚዘረጋው፣ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ከ95 ዲግሪ በላይ ላለ ሙቀት አልተሠራም፤ ይለሰልሳል፣ መገጣጠሚያው ላይ ይነፋል። ከሰብሳቢው እስከ ታንከሩ ያለው መስመር መዳብ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ፒፒአሩ ከታንከሩ በኋላ ይጀምር፤ በመካከሉም ሙቁን ከቀዝቃዛው የሚቀላቅል ቫልቭ ይግባ።

ከሁሉ በላይ እኛን የሚመለከተው የውሃ ፈረቃ ነው። አንድ የማውቀው እንግዳ ማረፊያ ቤት ጣራ ላይ የተገጠመ የመስታወት ቱቦ ነበር። ሁለት ቀን ውሃ ጠፋ፤ ቱቦዎቹ ደረቁ፤ ባዶአቸውን ፀሐይ ላይ ሲነዱ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ውሃ መጣ። ቀዝቃዛው ውሃ የጋለው መስታወት ውስጥ ሲገባ የጋለ ብርጭቆ ላይ በረዶ እንደ መጣል ሆነ፤ ከ20 ቱቦ 7ቱ ተሰነጠቁ። ባለቤቱ "የቻይና ዕቃ" ብለው ረገሙ። ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም፤ ለሶላሩ ብቻ የተለየ ማጠራቀሚያ ስላልተደረገለት ነው። ደርቆ የቆየ ሰብሳቢ ውሃ የሚሞላው ማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ መሆኑንም የነገራቸው አልነበረም። ይህ ጣራ ላይ ሆኖ ነው። ግድግዳ ላይ፣ ስድስተኛ ፎቅ መከለያ ላይ ቢሆን ስብርባሪው የት እንደሚወርድ አስቡት። ግድግዳ ላይ ቱቦ የሚሰቅል ሰው ውሃው በቀጥታ ቱቦው ውስጥ የሚገባበትን ዓይነት አይግዛ። ውሃው መዳብ ውስጥ የሚያልፍበት፣ መስታወቱ ደረቅ ሆኖ የሚቆይበት ዓይነት አለ፤ ለግድግዳ የሚሆነው እሱ ነው። አንዳንዱ ዓይነት በውስጡ ያለው ጥቁር ዝርግ ብረት እያንዳንዱን ቱቦ በማዞር ወደ ፀሐይ ሊቃና ይችላል፤ ቱቦው ግድግዳ ላይ አግድም ተኝቶ ውስጡ ግን ቀና ብሎ ያያል። ለእኛ የአናት ፀሐይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጣራ ላይ የለመድነው ከነታንከሩ የሚሸጠው ግን ዘንበል ካላለ አይሠራም፤ ግድግዳ ላይ ቢተኛ ውሃው አይዞርም።

ለሆቴሎች አንድ ነገር ልጨምር። ለብ ያለ ውሃ የሚተኛበት ታንከር ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ያራባል፤ ስለዚህ ታንከሩ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት። ግድግዳ ብቻውን ደመናማ ሳምንት ላይ አያደርሰውም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ቦይለሩን አትንቀሉት፤ ሶላሩ 45 ድረስ ያምጣለት፣ ቦይለሩ ቀሪዋን ይሙላ። ቆጣሪውም እንደ ድሮው አይበላም።

ተቀናቃኙንም ሳልጠቅስ ብቀር ደግ አይሆንም። መብራት የሚሰጠው ሶላር ካረፈበት ፀሐይ ወደ ሙቅ ውሃ የሚለውጠው በተራ ቦይለር በኩል 20 በመቶ ገደማ ነው፤ ሙቀት ሰብሳቢው 50 ይደርሳል። ስለዚህ ድሮ ክርክር አልነበረም። ነገር ግን ከአየር ሙቀት ስቦ ውሃ የሚያሞቅ ማሽን፣ እንደ ማቀዝቀዣ ተገልብጦ የሚሠራው፣ ከአንድ እጅ መብራት ሦስት እጅ ሙቀት ያወጣል፤ እንደ ሐዋሳ ባለ ሞቃት አየር ላይ ደግሞ ይመቸዋል። 20ው በሦስት ሲባዛ 60 ነው። ግድግዳ ላይ ቧንቧ ሳይሆን ሽቦ ብቻ ይዘረጋል፤ የሚፈስ፣ የሚፈላ፣ የሚሰነጠቅ የለም። ዕቃው ውድ ነው፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰውም እንደ ቧንቧ ሠራተኛ በየሠፈሩ አይገኝም። ጂ+12 የሚያሠራ ሰው ግን ሁለቱንም አስልቶ ይወስን እንጂ በፎቶ አይሂድ።

የጋሼ ሕንፃ አሁን ልስን ላይ ነው። ጣራው ላይ ለሰብሳቢዎቹ የብረት ታዛው እግር ተተክሏል። ሐይቁን የሚያዩት የምዕራብ በረንዳዎች መከለያ ላይ ደግሞ ለወደፊቱ ብለን ከሶሌታው ኮንክሪት ጋር አብረው የተሞሉ ቅንፎችና ከበረንዳ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚያሳልፉ ሁለት ሁለት ባዶ ቧንቧዎች አስቀብረናል፤ ልስን ካለቀ በኋላ ይህን ለመብሳት የሚወጣው ወጪ አሁን ከወጣው ብዙ እጥፍ ነው። "ባዶ ቧንቧ አስቀበርከኝ" እያሉ ይቀልዱብኛል። ሰብሳቢው ገና አልተገዛም።